ሳሎው፦ የገረጣ ፊትና የአኻያ ዛፍ እንዴት አንድ ስም ያዙ?

ከእንግሊዝ አገር የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። የአንድ ሕመምተኛ ማስታወሻ ላይ ‹ቆዳው ሳሎው ነው› የሚል አነበብኩ። መዝገበ ቃላት ስከፍት ወደ ብጫ የሚያደላ የገረጣ መልክ ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ሳሎው ማለት የአኻያ ዛፍ ነው ይላል። ቀለሙ ነው ከዛፉ የመጣው ወይስ ዛፉ ከቀለሙ? በአማርኛስ ምን ልበለው?»

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት ታሪክ ማስተማር ሥራዬ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። አጭሩን መልስ ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቀለሙም ከዛፉ አልመጣም፣ ዛፉም ከቀለሙ አልመጣም። ከሺህ ዓመት በፊት ሁለቱ በአፍም በጽሑፍም የሚለያዩ ሁለት ቃላት ነበሩ። ድምፃቸው ከዘመን ወደ ዘመን እየተሸረሸረ መጣና አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቀለሙ ልጀምር። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ ሳሉ ነበር። ያኔ ብጫ ማለት አልነበረም። ጠቆር ያለ፣ የደበዘዘ፣ ብርሃን የራቀው ማለት ነበር። ለዚህ ሁሌ ለተማሪዎቼ የማሳየው ማስረጃ በ937 ስለተደረገው የብሩናንቡር ጦርነት የተገጠመው ጥንታዊ ግጥም ነው። እንግሊዞቹ ድል አድርገው ሲመለሱ ሬሳው ሜዳ ላይ ይቀራል። ሬሳውን ሊካፈሉ ከሚመጡት አንዱ ቁራ ነው። ገጣሚው ያንን ቁራ የሚጠራው «ሳሉ ካባ የለበሰው» በሚል ቅጽል ነው። ወዲያው ቀጥሎ ደግሞ «ጥቁሩ ቁራ» ይለዋል። ዛሬ አንቺ ሕመምተኛ ፊት ላይ የምታነቢው ቃል ያኔ የቁራ ላባ መግለጫ ነበር ማለት ነው።

ከቁራ ጥቁረት ወደ ገረጣ ብጫ መሄድ በመጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ምስጢሩ ያለው የጥንት ሰዎች ቀለምን በሚከፍሉበት መንገድ ላይ ነው። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ብዙዎቹ የቀለም ቃላት ዋና ጉዳያቸው ብሩህነት ነበር። ነገሩ ያበራል ወይስ ደብዝዟል? ያንጸባርቃል ወይስ ፈዟል? ቀይ ነው ብጫ ነው የሚለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ጉዳይ ነበር። ሳሉ የደበዘዙት ወገን ነው። የፈዘዘና የቆሸሸ የሚመስል ነገር ሁሉ ሳሉ ሊባል ይችላል። ላባም፣ ጨርቅም፣ ቆዳም። ቃሉ ከጊዜ በኋላ በሰው ፊት ላይ ሲለመድና የአውሮፓውያን ፊት ሲታመም ወደ ብጫ የሚሄድ ሲሆን ትርጉሙም አብሮ ወደ ብጫው ተሳበ። የመደብዘዙ ስሜት ግን ዛሬም አልለቀቀውም። ጥርት ያለ ደማቅ ብጫ አበባ አይቶ ሳሎው የሚል እንግሊዛዊ የለም።

የቃሉ ዘመዶችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በጥንታዊ የኖርስ ቋንቋ ሶልር ማለት ቆሻሻ ብጫ ነው። በጥንታዊ ከፍተኛ ጀርመንኛ ሳሎ ማለት የጨለመ፣ የቆሸሸ ግራጫ ነው። ፈረንሳይኛ የምታውቂ ከሆነ ደግሞ ሳል የሚለው ቃል «ቆሻሻ» ማለት ነው። ፈረንሳዮች ከላቲን አልወረሱትም። የወሰዱት ፍራንኮች ከሚባሉት የጀርመን ጎሳዎች ነው። ሩሲያ ውስጥ ሶሎቮይ የሚባለው ደግሞ ገላው ክሬም መሳይ ወርቅማ የሆነ ፈረስ ነው። ይህኛው ለኛ ሰው እንግዳ አይሆንም። እኛም ቡላ፣ ዳማ፣ ዳለቻ የምንላቸው ቀለሞች ከፈረስና ከከብት ሌላ ብዙም ቦታ አንጠቀምባቸውም። እንዲህ ያሉ ቃላት የሚያድጉት ከብት ሲቆጠርና ፈረስ ሲገበያዩ ነው። ስለዚህ ቀለማቸውን በአንድ መስመር ላይ ቁርጥ አድርጎ ማስቀመጥ ይከብዳል።

አሁን ወደ ዛፉ። በጥንታዊ እንግሊዝኛ ዛፉ ሴአልህ ወይም በአንዳንድ አካባቢ አነጋገር ሳልህ ይባል ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችውን የጉሮሮ ድምፅ ልብ በይልኝ። ታሪኩ ሁሉ እሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እንግሊዞች ለአኻያ ከአንድ በላይ ስም አላቸው። ጠቅላላው ስም ዊሎው ነው፤ ሁሉንም ያቅፋል። ቅጠሉ ቀጭንና ረጅም የሆነው፣ ቅርጫት የሚሠራበት ደግሞ ኦዚየር ይባላል። ሳሎው የሚሉት ቅጠሉ ሰፋ ያለውን ነው። ከቁጥቋጦ ብዙም የማይበልጥ፣ ረግረግና የወንዝ ዳር የሚወድ ዛፍ ነው። በፀደይ መጀመሪያ፣ ቅጠል ከመውጣቱ በፊት፣ ጸጉራም ግራጫ አበቦች ያወጣል። ወንዴው ዛፍ ላይ ያሉት ትንሽ ቆይተው ብናኝ ሲያወጡ ብጫ ይሆናሉ። ዘንባባ በማይበቅልባቸው የሰሜን አገሮች ሰዎች ለሆሳዕና ይህንን ቅርንጫፍ ይይዙ ነበር። ሩሲያ ውስጥ ዛሬም የበዓሉ የተለመደ ስም የአኻያ እሑድ ነው።

የዛፉ ስም የቦታ ስሞች ውስጥም ተደብቋል። ማንቸስተር ጎን ያለችው ሳልፎርድ ስሟ «የአኻያው መሻገሪያ» ማለት ነው። ስኮትላንዶች ደግሞ ያቺን የጉሮሮ ድምፅ ሳይጥሉ ቆይተዋል። ዛፉን ሶኽ ይሉታል። ኤድንብራ ውስጥ ሶኽተን የሚባል ሰፈር አለ፤ እዚያም ውስጥ ያለው ይኸው ዛፍ ነው። አየርላንድ ስትሄጂ ሳሊ ይሆናል። እዚያ የሳሊ አርጩሜ የቀመሱ ትልልቅ ሰዎች ስሙን በደንብ ያስታውሳሉ።

በላቲን ዛፉ ሳሊክስ ነው፤ ቅጥያ ሲጨመርበት ሥሩ ሳሊክ ላይ ይቆማል። በጀርመናዊ ቋንቋዎች ጥንታዊው ክ ወደ ህ ተለውጧል። ላቲን ኮርኑ ሲል እንግሊዝኛ ሆርን ይላል፤ ሁለቱም ቀንድ ናቸው። ላቲን ኬንቱም ሲል እንግሊዝኛ ሀንድረድ ይላል፤ ሁለቱም መቶ ናቸው። በዚሁ ሕግ ላቲን ሳሊክ ያለው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ውስጥ ሳልህ ሆኖ ይገኛል። ዌልስ ውስጥ ደግሞ ሄሊግ ይሉታል። ዌልሾች ቃል መጀመሪያ ላይ ያለን ጥንታዊ ስ ወደ ህ ስለለወጡ ነው። ስለዚህ ዛፉ ከሮም እስከ ዌልስ መጨረሻው ላይ አንድ የጉሮሮ ድምፅ ይዞ ይታያል። ቀለሙ ዘመዶቹ ሁሉ ጋ ብትዞሪ ይህ ድምፅ የለበትም። በሱ ቦታ ያለው ው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሙያሽ የሚያስገባ ነገር አለ። ሳሊክስ የሚለው የላቲን ስም መድኃኒት ቤት ውስጥ ገብቷል። በ1763 ኤድዋርድ ስቶን የተባለ የኦክስፎርድሻየር ቄስ ለንደን ላለው ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ ጻፈ። የአኻያ ቅርፊት አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ እየተመላለሰ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ለያዛቸው 50 ያህል ሰዎች ሰጥቶ እንደረዳቸው ገለጸ። ቅርፊቱን ለመቅመስ ያነሳሳው መራራነቱ ነበር፤ ለወባ ይሰጥ የነበረውን የኩዊኒን ዛፍ ቅርፊት አስታወሰው። በ1828 ዮሐን ቡክነር ሙኒክ ውስጥ ከቅርፊቱ መራራውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ሳሊሲን አለው። ከሱ ሳሊሲሊክ አሲድ መጣ። በ1897 ባየር ኩባንያ ውስጥ ፌሊክስ ሆፍማን ንጹሕ አሴቲል ሳሊሲሊክ አሲድ ሠራ። በ1899 አስፕሪን ተብሎ ገበያ ወጣ። ዛሬ የብጉር ማጠቢያ ወይም የቆዳ ኪንታሮት ማጥፊያ ጠርሙስ ጀርባውን ብታዪ ሳሊሲሊክ አሲድ የሚል ታገኛለሽ። የዛፉ ስም እዚያ ላይ በላቲን መልኩ ተቀምጧል። አንድ ፈረቃ ላይ የሕመምተኛው ማስታወሻ ቀለሙን፣ የመድኃኒቱ ማሸጊያ ደግሞ ዛፉን ይዞልሽ ይመጣል።

ታዲያ ሁለቱ እንዴት ተቀላቀሉ? ለኔ ጥያቄሽ ውስጥ በጣም የሚጣፍጠው ይሄ ነው።

በመካከለኛው እንግሊዝኛ ዘመን፣ ከኖርማን ወረራ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት፣ ሁለት ነገር ሆነ። በአንድ በኩል ከ«ል» እና ከ«ር» ድምፆች በኋላ የምትመጣው የጉሮሮ ድምፅ ላልታ ላልታ «ው» ሆነች። በሌላ በኩል ከመጀመሪያውም «ው» የነበራቸው ቃላት ያንኑ «ው» እንደያዙ ቀጠሉ። ሁለቱም ወገን መጨረሻው ላይ ኦው የሚል ድምፅ ይዞ ወጣ። የፊተኞቹ ምሳሌ ሶሮው ነው፤ ኀዘን ማለት ነው፤ ጥንት ሶርግ ነበር። የኋለኞቹ ምሳሌ ናሮው ነው፤ ጠባብ ማለት ነው፤ ጥንት ኔአሩ ነበር፤ ቅጥያ ሲከተለው ውስጡ ያለው ው ብቅ ይላል። ዛሬ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጪያቸው አንዱ ከግ፣ ሌላው ከው እንደመጣ በጭራሽ አታውቂም።

አንድ ጥንድ ብቻ ይዤ ይህን ብል «አጋጣሚ ነው» ትይኝ ይሆናል። ግን ሌሎችም አሉ። ፋሎው የሚለውን ቃል እንይ። አንደኛው ፋሎው ቀለም ነው፤ ነጣ ያለ ቡናማ ማለት ሲሆን ፋሎው ዲር የሚባለው አጋዘን ስሙን ያገኘው ከሱ ነው። ሁለተኛው ፋሎው ጦም ያደረ መሬት ነው፤ ታርሶ ሳይዘራ የከረመ። የቀለሙ ጥንታዊ መልክ ፌአሉ ነው። የመሬቱ ፌአልህ ነው። አሁን እነዚህን ከኛዎቹ ጋር አሰልፊያቸው፦ ሳሉ እና ሳልህ፣ ፌአሉ እና ፌአልህ። ቀለሙ በው፣ ነገሩ በጉሮሮ ድምፅ። መንገዱ አንድ፣ መድረሻውም አንድ። እንዲህ ቁልጭ ያለ ማስረጃ በቃላት ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም።

ሦስተኛም ልጨምርልሽ። ስዋሎው ማለት መዋጥ ነው። ስዋሎው ደግሞ ጭራዋ ሹካ የሚመስል፣ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽታ ወደ አፍሪካ የምትበር ወፍ ናት። ብዙ ሰው ወፏ ዝንብ እየበረረች ስለምትውጥ ነው ይላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። መዋጡ ጥንት ስዌልጋን ነበር፤ ወፏ ስዌአልዌ ነበረች። አሁንም ግ እና ው።

ሰው እንዲህ ዓይነት ታሪክ መፍጠሩ አያስገርምም። አንድ ስም ሁለት ነገር ላይ ካየን ማገናኘት እንወዳለን። የአኻያው አበባ ብጫ ብናኝ አለው፣ ቅጠሉ በመጸው ብጫ ይሆናል፣ ስለዚህ ቀለሙ ከዚህ ነው ማለት ቀላል ነው። የእኛ ወይባ ደግሞ ይህንን ሐሳብ ያጠናክርብናል። ወይባ በሰሜን አገር ጢሱን የሚሞቁት ዛፍ ነው። መነኮሳት የሚለብሱት ብጫማ ልብስም ወይባ ይባላል። ጢሱን የሞቀች ሴት ገላዋ ሲወይብ በዓይናችን እናያለን። እዚያ ዛፉንና ቀለሙን የሚያገናኝ የሚጨበጥ ነገር አለ። ሳሎው ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር ፈልገሽ አታገኚም። የጥንቶቹ ጽሑፎች የሚያሳዩት ቀለም የቁራ ጥቁረት እንጂ የአበባ ብናኝ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ከእንግሊዝኛ በጣም ወደ ኋላ ርቀው የሄዱ አንዳንድ ሊቃውንት የሁለቱም ምንጭ «ቆሻሻ ግራጫ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ጥንታዊ ሥር ሊሆን ይችላል ብለው አስበዋል። ዛፉ በግራጫማ ቅጠሉ ስም ወጣለት ማለታቸው ነው። ሐሳቡ የማይሆን አይደለም። ብዙ የአኻያ ዓይነቶች ቅጠላቸው በታች በኩል ግራጫማ ጸጉር አለው። ማረጋገጫ ግን የለውም። ጽሑፍ የሌለበት ዘመን ነው፤ ሳል የምትለው ሥር ደግሞ በጣም አጭር ናት። አጭር ሥር ከብዙ ነገር ጋር ትገጥማለች። እንደኔ እንደኔ ይህንን «ሊሆን ይችላል» ብሎ አቆይቶ፣ እንግሊዝኛን በሚመለከት ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው ብሎ መያዝ ይሻላል። ዝምድና ቢኖራቸው እንኳ ከእንግሊዝኛ መፈጠር በፊት የተቋረጠ ዝምድና ነው።

ሁለቱ ቃላት በእውነት የሚገናኙበት አንድ ቦታ ካለ ሳሎው የሚባለው የእሳት እራት ነው። ክንፉ ብጫ ነው፤ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። የሳይንስ ስሙ ላይ ኢክቴሪቲያ የሚል አለ፤ ይህ ከሰውነት ብጫ መሆን በሽታ የተወሰደ የላቲን ስም ነው። አባጨጓሬው ደግሞ ገና ትንሽ ሳለ የሚበላው የሳሎው ዛፍን አበባ ነው። ብጫም ነው፣ አኻያም ላይ ያድጋል። በየትኛው ሳሎው ነው የተጠራው ብትይኝ ሁለቱም ይስማሙታል።

ወደ ሥራሽ እንመለስ። ማስታወሻ ላይ ሳሎው ስታነቢ በአማርኛ «ገርጥቷል» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብጫማነቱን ማሳየት ከፈለግሽ «ፊቱ ወይቧል» ይሻላል፤ ያ የደበዘዘ ብጫ በትክክል ይገባበታል። «የወፍ በሽታ ይዞታል» እንዳትይ ግን አደራ። የወፍ በሽታ ላይ የዓይን ነጩ ክፍል ብጫ ይሆናል፤ እንግሊዝኛውም የራሱ ሌላ ስም አለው። ሳሎው የሚለው የቆዳን መልክ ብቻ ነው። በሽታ አይሰይምም። የደም ማነስ፣ የቆየ የኩላሊት ችግር፣ እንቅልፍ ማጣት ሁሉ ፊትን እንዲህ ሊያስመስል ይችላል።

ሕመምተኛው ጠይም ወይም ጥቁር ከሆነ ቃሉ ራሱ ይቸግራል። የተሠራው በነጣ ቆዳ ላይ ነውና። የኛ ሰው ሲገረጣ ቀይ ዳማው ወደ ብጫ ሊያደላ ይችላል፤ ጥቁሩ ግን አመድ ይመስላል። ቤተሰብ ስትጠይቂ «ፊቱ ወዝ አጥቷል ወይ?» ብትይ «ብጫ ሆኗል ወይ?» ከማለት የተሻለ መልስ ታገኛለሽ። ወዝ የምንለው ነገር የጥንቱ ሳሉ ይለካው ከነበረው ብሩህነት ጋር በጣም ይቀራረባል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። የሥራ ባልደረባሽ አይርላንዳዊ ከሆነ ሳሎው ሲል ሌላ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። አየርላንድ ውስጥ ሳሎው ቆዳ ያለው ሰው ማለት እንደ ጣሊያን ወይም እንደ ስፔን ሰው ጠይም ያለ፣ ፀሐይ የማያቃጥለው ሰው ነው። እዚያ ምስጋና ነው። ስለዚህ ማስታወሻውን ማን እንደጻፈው ማየት፣ ካልገባሽም መጠየቅ ይጠቅማል።

ለዛፉ «አኻያ» ጥሩ ትርጉም ነው። አገራችን የወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ የዚያው የሳሊክስ ቤተሰብ ነው፤ በኦሮምኛ አላልቱ ይባላል፤ ጭራሮውን ለጥርስ መፋቂያ የሚጠቀሙበትም አሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እስራኤላውያን በባቢሎን ወንዞች ዳር መሰንቋቸውን የሰቀሉበት ዛፍም በአማርኛው አኻያ ነው፤ በዳስ በዓል የሚያዘው የወንዝ ዛፍም እንዲሁ። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚወርደውን አኻያ የባቢሎን አኻያ ብሎ የሰየመው መዝሙሩን አስቦ ነው። ዛፉ ግን የመጣው ከቻይና ነው። ጽሑፍሽ ውስጥ ሳሎውን ከሌሎቹ አኻያዎች መለየት ካስፈለገሽ «ሰፊ ቅጠል አኻያ» በይው፤ አንባቢ ይገባዋል።